ጋሽ ሽብሩ ምን ይበላሉ?

በእኛ ቤት የተቆጣ ሰው አይጮህም፤ አይበላም።

አባዬና እማዬ ሲኳረፉ ድምፅ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ማዕድ ሲቀርብ አባዬ «ጠግቤያለሁ» ይላል፣ በቃ። ጠግቤያለሁ ማለት በእኛ ቤት ጦርነት ማወጅ ነው። እማዬም ወጡን ከፊቱ አንስታ ጓዳ ታስገባና እሷም ሳትበላ ታድራለች። እንዲህ ባለ ቀን የሁሉንም ድርሻ የምበላው እኔ ነኝ። የቤታችን ሰላም በደፈረሰ ቁጥር እኔ እወፍራለሁ።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ባለፈው መስከረም የእህቴን ሽማግሌዎች ስንቀበል የሆነውን ስትሰሙ «እነዚህ ሰዎች ጤነኞች ናቸው?» እንዳትሉ ነው። ጤነኞች ነን። ደንብ አክባሪዎች ነን እንጂ።

እህቴ ሌንሳ ጉርድ ሾላ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ምንተስኖት የሚባል ልጅ ትወዳለች። ፍቅራቸው የዛሬ አይደለም። መጀመሪያ የኮንዶሚኒየም ዕጣ እስኪወጣለት ጠበቁ፤ ዕጣው ሲወጣ ቁልፍ እስኪሰጠው ጠበቁ፤ ቁልፉ ሲሰጥ ውሃ እስኪገባ ጠበቁ። መሪ ሰፈር ያለው ያ ቤት ውሃ የገባለት ዕለት ሌንሳ ቧንቧው ሲንጠባጠብ የሚያሳይ ቪዲዮ ለዘመድ ሁሉ ላከች። የሌላ ሰው እህት የቀለበት ፎቶ ነው የምትልከው።

ስለዚህ ከእንግዲህ መጠበቅ የሚባል ነገር መስማት አትፈልግም። ጥር ላይ መጋባት አለባቸው። ጥር ካመለጠ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ ጾም ከገባ ደግሞ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም።

አባቴ አቶ ገመቹ ግን የሚያስቸኩለው ነገር የለም። ድሮ ከየካ ጀርባ፣ ኮረብታው ሥር ያርስ ነበር። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ማሳው ላይ ሲቆምበት አጣና ነጋዴ ሆነ። ባህር ዛፍ ሲያድግ ቆሞ ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ ሴት ልጅም ቀስ ብላ የምትሄድ ይመስለዋል።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ «ዘመድ ልጠይቅ» ብሎ ቀጠራቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ያልተጠየቀ ዘመድ አስታወሰ። ሽማግሌ ቃል ሳይሰማ እህል አይቀምስም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጊዜ ዳገታችንን በባዶ ሆዳቸው ወጥተው በባዶ ሆዳቸው ወረዱ። በሦስተኛው ግን ቃል ይሰጣል፣ ማዕድ ይቀርባል፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ ሲቀምሱ ነገሩ ተፈጸመ ይባላል። አለቃው ባይቀምሱስ ምን ይባላል? አይታወቅም። በአባዬ ዕድሜ ያልቀመሰ አለቃ አልታየም።

አለቃው የምንተስኖት አጎት ጋሽ ሽብሩ ናቸው። መሪ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላቸው። ምንተስኖትን አባቱ ከሞተ በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ፣ ልጁ ያለ እሳቸው ምርቃት ካልሲ እንኳ አይገዛም።

ቀኑ ሲቃረብ ምንተስኖት መገናኛ ጠራኝና ሻይ ጋበዘኝ። ሻዩን ረጅም ጊዜ አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

«ጋሼ ትንሽ ምግብ ይመርጣሉ» አለኝ።

«ትንሽ ማለት?»

«ሽንኩርት አይበሉም።»

«ቀዩን ነው ነጩን?»

«በዓይን የሚታየውን ሁሉ። ዶሮም አይበሉም፤ ዶሮ የምትበላውን አይተዋል።»

«ዓሣስ?»

«ዓይኑን አይጨፍንም ይላሉ።»

«እንቁላል?»

«እሱን ይበላሉ። የዶሮ መሆኑን ማንም ካላነሳባቸው።»

«ሥጋስ?»

«ያረደውን ሰው ካላወቁት አይበሉም። ካወቁት ደግሞ ሰውየውን ስለሚያውቁት አይበሉም።»

«ታዲያ ቤታቸው ምን በልተው ነው የሚያድሩት?»

«በገዛ እጃቸው የሠሩትን። እሳቸው ማድቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ይወጣሉ።» ከዚያ እጄን ያዘኝ። «አደራህን፣ አንድ ጉርሻ ይዋጡ ብቻ። አንተ ገጣሚ ነህ፣ መላ አታጣም።»

ግጥም እጽፋለሁ፣ እውነት ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ያነበበኝ ሰው ይህን ሳልነግረው ይደርስበታል። ግን ሰዎች ግጥም የሚጽፍ ሰው ሲያዩ ለምን መላ ያለው እንደሚመስላቸው አልገባኝም። መላ ያለው ሰው ግጥም ምን ያደርግለታል?

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት።

«ሽንኩርት የማይበላ ሰው» አለች፣ ሽንኩርት ይዛ። «ታሞ ነው?»

«አልታመሙም።»

«እንግዲያስ ጠግበው ነው።» እማዬ የሰውን ልጅ የምትከፍለው ለሁለት ነው፣ የራበውና የጠገበ ብላ። ትንሽ አሰበችና «በዓይን የሚታየውን ነው ያልከው?» አለችኝ።

«እንደዚያ ነው የተባልኩት።»

«በዓይን አይታይም። ተወው ለእኔ።»

ቅዳሜ ጠዋት ቁሌቱን ጣደች። ሽንኩርቱን የከተፈችው አይደለም፣ የፈጨችው ነው ማለት ይቀላል። ቀኑን ሙሉ ከድስቱ ሳትለይ አቁላላችው። አመሻሽ ላይ ሽንኩርቱ ሽንኩርት መሆኑን ራሱ ረስቶት ነበር። በዚያ ላይ ክትፎ ከቆጮ ጋር አዘዘች። «ጉራጌ ናቸው አይደል? ክትፎ እምቢ የሚል ጉራጌ እግዜር አልፈጠረም» አለች። እግዜር ምን እንደፈጠረ በማግስቱ አየን።

«አባትህ እንዳይሰማ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። «ሽማግሌው ምግብ ይመርጣሉ ብትለው፣ እኔ በልጄ ጉዳይ ከሕፃን ጋር አልዋዋልም ይልሃል።»

እኔም አልነገርኩትም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ቤታችን ባህር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ዳገት ላይ ነው፤ ሚኒባስ ታች ጥሎ ይመለሳል፣ የቀረውን በእግር ነው። ሲደርሱ እንኳን ልጅ ለመጠየቅ ውሃ ለመጠየቅም ትንፋሽ አልነበራቸውም። ሦስት ናቸው። ጋሽ ሽብሩ ቀጭን፣ ጽዱ፣ ነጠላቸው ላይ ዝንብ ብታርፍ ዝንቧ የምታፍርላቸው ዓይነት ሰው ናቸው። ሁለተኛው አቶ ደምሴ የጉርድ ሾላ የቤት ደላላ ናቸው። ሦስተኛው ስማቸውን እስከ ዛሬ የማላውቃቸው ዝምተኛ ሰው ሲሆኑ፣ ያን ቀን ማዕድ ሲቀርብ ጀምረው ሲነሳ ነው ያቆሙት።

ሌንሳ በጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆማለች። ሙሽራ የምትሆን ሴት ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ መስማት ግን አልተከለከለም።

አባዬ ተነስቶ ቆመ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አለ። «ሦስት ነገር ግን አለኝ። ሠርጉ በግቢዬ፣ በድንኳን ይሁን እንጂ በአዳራሽ አይሁንብኝ። መሪ ያለውን ቤት አከራይተው እዚሁ የካ ይኑሩ። ቀኑም ከፋሲካ በኋላ ይሁን።»

ከመጋረጃው ጀርባ የሆነ ዕቃ ወደቀ።

«የልጅ አባት የተናገረው ይከበራል» አሉ ጋሽ ሽብሩ፣ ዓይናቸው ከጓዳ በሚወጣው ትሪ ላይ ሆኖ። ደንግጠዋል። ሌሎቹ በአባዬ ቃል የደነገጡ መሰላቸው።

እጅ ያስታጠብኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሽብሩ ሳሙናውን ሁለት ጊዜ ተቀበሉኝ፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን እንደሚገባ ሐኪም እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው ተቀመጡ። እማዬ ዶሮውን፣ ክትፎውን፣ አይቡን፣ ጎመኑን ደረደረችው። አራቱም ከአንድ ትሪ ሊበሉ ቀረቡ።

ጋሽ ሽብሩ ቴምብር የምታህል እንጀራ ቆረሱ። ወጡ አጠገብ አደረሷት፣ ወደ አፋቸው አነሷት፣ ጺማቸው ዘንድ ስትደርስ «የዘንድሮ ዝናብ ግን» ብለው ወሬ ጀመሩና መልሰው አስቀመጧት። ስለ ዝናቡ ተነጋግረን ስናበቃ ሌላ ቴምብር ቆረሱ። ከዚያ ማረስ ጀመሩ። ክትፎውን ከወዲህ ወደዚያ አሻገሩት፣ አይቡን ጎመኑ ላይ ከመሩት፣ ጎመኑን ቆጮው ሥር ቀበሩት። ከሩቅ ለሚያይ ሰው እየበሉ ነው። አባዬ ግን ገበሬ ነበር፤ ማሳ መታረሱና እህል መግባቱ የተለያየ ነገር መሆኑን ያውቃል።

እጁን ሰበሰበ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ አልቀመሱም።»

«እየበላሁ ነው እኮ።»

«አልቀመሱም።»

«ኧረ እኔስ» አሉ ጋሽ ሽብሩ፣ ምንም ክፉ ሳያስቡ፣ «ጠግቤያለሁ።»

ጓዳ ያለችው እማዬ ጭልፋዋን አቆመች። ሰውየው በአባዬ ቋንቋ፣ በአባዬ ቤት፣ አባዬ ላይ ጦርነት አውጀዋል።

እማዬ ጉርሻ ይዛ ወጣች። «በሞቴ፣ ጋሽ ሽብሩ፣ ይህችን ብቻ።»

«እትዬ፣ ጨጓራዬን ያመኛል።»

«ለጨጓራ ብዬ ነው ሚጥሚጣውን የቀነስኩት። በሞቴ።»

በሞቴ ሁለት ጊዜ ከተባለ እምቢ ማለት ሰው መግደል ነው። ጋሽ ሽብሩ ጉርሻዋን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ፣ ከዚያ «ከእኔ በፊት ለወንድሜ» ብለው ዝምተኛውን ሰውዬ አጎረሷቸው። ዝምተኛውም ሳይቃወሙ ዋጡ።

አባዬ ግንባሩን ቋጥሮ ያስባል። ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ሽበት ያበቀለ ሰው የቀረበለትን እህል የሚተወው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፣ ሲከፋው። ሌላ ምክንያት ኖሮ አያውቅም። ታዲያ ምን ከፋቸው?

«ድንኳኑ ነው?» አለ በድንገት።

ማንም አልገባውም።

«በድንኳን ያልኩት ከብዷችሁ እንደሆነ ይቅር። አዳራሽ ይሁን።»

ጋሽ ሽብሩ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አቶ ደምሴ ጉልበታቸውን ያዝ አደረጓቸው። አቶ ደምሴ ሰው ለምን ዝም እንዳለ ሳይገባቸው ዝምታውን መሸጥ የሚችሉ ሰው ናቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥልን። አንዱ ተቃለለ» አሉ ረጋ ብለው። «ጋሽ ሽብሩም ደስ ብሏቸዋል። እህሉን በተመለከተ፣ ያው ሆድ የሚከፈተው ቀስ በቀስ ነው።»

እኔ ጓዳ ገባሁ። ሌንሳ እጅጌዬን ጎተተችኝ።

«ምን አለ አባዬ? አዳራሽ አለ?»

«ፈቀደ።»

«በምን ምክንያት?»

«በሽንኩርት።»

አሰበች። እህቴ ፋርማሲ ውስጥ ብዙ ስለቆየች ማንኛውም ነገር መቼ እንደሚያድንና መቼ እንደሚገድል ቶሎ ይገባታል።

«እንግዲያው ገና እንዳይበሉ» አለችኝ። «አባዬ ጥር እስኪል እንዳይበሉ አድርግልኝ። ጥር ካለ በኋላ ግን ይብሉ። ሳይቀምሱ ከወጡ አባዬ ሁሉንም ነው የሚያፈርሰው።»

«እኔ ቧንቧ ነኝ? ስትፈልጊ የምትከፍቺኝ፣ ስትፈልጊ የምትዘጊኝ?»

«አንተ ዝም ብለህ እንቁላሉን ውሰድ።»

እማዬ እንቁላል ቀቅላ ነበር። ይህ የመጨረሻ መሣሪያችን ነው። ወስጄ ጋሽ ሽብሩ ፊት ሳስቀምጥ ፊታቸው በራ። አንዱን አነሱ፣ ልጣጩን በጥንቃቄ ይልጡ ጀመር። ዝም ብዬ ብመለስ ኖሮ ይበሉ ነበር። ግን ዝም ማለት አይሆንልኝም።

«ትኩስ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ዛሬ ጠዋት ነው የጣለችው፤ ያቻትና በር ላይ።»

ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። ዶሮዋ ደጁ ላይ አንድ የማልገልጸው ነገር እየጫረች ትለቅም ነበር። ጋሽ ሽብሩ እስክትውጠው ድረስ ተመለከቷት። ከዚያ እንቁላሉን ከነግማሽ ልጣጩ መልሰው አስቀመጡት።

አባዬ እንቁላሉን አየ።

«የካም ይቅር» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። «መሪ ይኑሩ። ሰው ቤት ሠርቶ ምን ሊያደርግ ይከራያል።»

«ሁለተኛውም ተቃለለ» አሉ አቶ ደምሴ፣ ክትፎ እየጠቀለሉ።

«አቶ ገመቹ፣ እኔ እኮ…» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

«ጋሽ ሽብሩ ስለ ቀኑ መናገር ከብዷቸው ነው» አሉ አቶ ደምሴ።

አባዬ መጋረጃውን አየ፣ መሬቱን አየ፣ እጁን አየ። እማዬ እንደነገረችኝ የመጨረሻ በሬውን የሸጠ ዕለትም እንዲህ እጁን ሲያይ ነበር።

«ጥር ይሁን» አለ።

ከመጋረጃው ጀርባ ምንም አልወደቀም። መጋረጃው አጠገብ ቆሜ ስለነበር አንድ ቀጭን ክንድ ወጥቶ ወገቤን ቆነጠጠኝ፤ አሁን ይብሉ ማለት ነው።

አባዬ ግን ማንም እስኪነግረው አልጠበቀም። ያለውን ሁሉ ከሰጠ በኋላ ሙሉ እንጀራ ዘርግቶ በራሱ እጅ ጠቀለለ። ክትፎ፣ ዶሮ፣ አይብ፣ ጎመን፤ ሁሉም ገባ። አጣና ሲሸከም በኖረ እጅ የተጠቀለለ ጉርሻ የአጣና ወፍራም ጫፍ ነው የሚያህለው። ተነስቶ ቆሞ ወደ ጋሽ ሽብሩ አፍ አስጠጋው።

ያን ጊዜ ነው ያየኋት። ከጉርሻው ጎን አንዲት የሽንኩርት ቁራጭ ተንጠልጥላለች። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከእናቴ ማማሰያ እየሸሸች፣ የድስቱን ጥግ ጥግ ይዛ የኖረች ብቸኛ ተራፊ። ጋሽ ሽብሩም አዩዋት። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። አፋቸውን ከፈቱ፣ እውነቴን ነው፣ ሞክረዋል። ከዚያ ዘጉት።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እጄን ልታጠብ» ብለው ተነስተው ወጡ።

አባዬ ጉርሻውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አቶ ደምሴ እንኳ የሚሸጡት ነገር አልነበራቸውም። ዝምተኛው ሰውዬ ጉርሻውን ተስፋ አድርገው ቀና ብለው አዩት፤ አባዬ ግን ትሪው ላይ አስቀመጠው።

አባዬ በጣም ሲያዝን በኦሮምኛ ነው የሚናገረው። ለእማዬ የተናገረው አጭር ነው፤ እህሌን የናቀ ሰው ልጄን አይወስድም፣ ነገሩ ቀርቷል ማለት ነው። መጋረጃው ጀርባ ሌንሳ ማልቀስ ስትጀምር ሰማኋት።

«አባዬ» አልኩት፣ «አልናቁህም። ምግብ መራጭ ናቸው። የፈሩት ሽንኩርቱን ነው።»

አየኝ። «ሽበት ያለው ሰው ሽንኩርት ይፈራል?»

«ይፈራል።»

«ግጥምህን ሌላ ጊዜ» አለኝ።

ወደ ውጭ ሮጥኩ። ጋሽ ሽብሩ ቧንቧው ዘንድ የሉም። ከማድቤቱ ጎን፣ አባዬ አጥሩን አስታክኮ የተከለው በቆሎ ዘንድ ቆመዋል። አባዬ ባዶ መሬት ካየ ዓይኑን ስለሚያመው፣ የበር መዝጊያ በምታህል ቦታ ላይ በየዓመቱ የሆነ ነገር ይዘራል።

«ልጄ» አሉኝ ሳይዞሩ፣ «ርቦኛል።»

ቀረብ አልኳቸው።

«ከትናንት ጀምሮ አልበላሁም። እዚህ የሚገጥመኝን እያሰብኩ እንቅልፍም አልወሰደኝ። ንቀት አይደለም። ከልጅነቴ አፌ እምቢ ይለኛል፣ እኔ አዝዤው አያውቅም። ስንት ሠርግ፣ ስንት ልቅሶ ላይ ትሪ ሳርስ ኖርኩ።» ከዚያ አንዱን እሸት ዳበስ አደረጉት። «ይሄ ግን ልብሱን ለብሶ ነው የሚመጣው። እስኪገፈፍ ማንም አይነካውም።»

«ጋሼ፣ ማድቤት ፍም አለ።»

እንዲህ ፈጥነው ሲንቀሳቀሱ አይቼ አላውቅም። ራሳቸው ቆረጡ፣ ራሳቸው ሸለቀቁ፣ ዶሮው የተሠራበትን የከሰል ምድጃ በነጠላቸው ጫፍ አራገቡ። እኔ እንኳ ምድጃውን እንድነካ አልፈቀዱልኝም። በቆሎው መንጣጣት ሲጀምር እንደ ልጅ ቁጢጥ ብለው ጠበቁት፣ ገና ሳይበርድ ገመጡት።

አባዬ የግቢውን በር ለእንግዶቹ ሊከፍት ወጥቶ ደረሰብን። ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ። የሽማግሌዎቹ አለቃ በነጭ ነጠላ ምድጃ ሥር ቁጢጥ ብለው፣ ጺማቸው ጥላሸት ለብሶ ሁለተኛውን በቆሎ ይዘዋል።

«ቀመሱ» አለ አባዬ።

ጋሽ ሽብሩ አፋቸው ሙሉ ስለነበር ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የእኔን በቆሎ።»

ዋጡ። «እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም።»

«ስለዚህ ሽንኩርቱ ነበር» አለ አባዬ ቀስ ብሎ።

«ሽንኩርቱ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

«ድንኳኑ አልነበረም።»

«እኔ ድንኳን እወዳለሁ። ነፋስ አለው።»

«የካ መኖራቸውስ?»

«ማን ጠላ?»

«ጥር መሆኑስ?»

«ለእኔማ ፋሲካም ይመቸኝ ነበር።»

አባዬ የማድቤቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በዚህ መሐል አቶ ደምሴ ተከትለውት ደርሰዋል። ነገሩ ወዲያው ገባቸውና «ቃል ግን ወጥቷል» አሉ። «ሽማግሌ የሰማው ቃል አይመለስም።»

«አይመለስም» አለ አባዬ። አልተከራከረም። አንድ በቆሎ አንስቶ ፍሙ ላይ አገላበጠ። ሲናገር ድምፁ እንደ ማር ነበር፤ ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ በልጄ ሠርግ ቀን ሌላው ሲበላ እርስዎ ጾምዎን ሊውሉ ነው?»

«ለምጄዋለሁ።»

«በእኔ ድግስ አይሆንም። ይህንኑ በቆሎ ለእርስዎ ብቻ እዘራለሁ። ራስዎ ቆርጠው፣ ራስዎ ጠብሰው ከሙሽሮቹ ጎን ይበላሉ። እሸቱ ሳይደርስ ድግስ አይደገስ። ከእርስዎ የምፈልገው ይህችን ቃል ብቻ ነው።»

ጋሽ ሽብሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሁሉ በግድ ሊያበላቸው ሲታገል ኖሯል፤ የሚበሉትን ሊያዘጋጅላቸው ያሰበ ይህ የመጀመሪያው ሰው ነው።

«ይሁን» አሉ። «የአቶ ገመቹ እሸት ሳይደርስ ሠርግ የለም።»

«በቆሎ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉ አቶ ደምሴ።

«እንደ አያያዙ ነው» አለ አባዬ።

አቶ ደምሴ መሠረቱ ያልተቆፈረ ቤት ሲሸጡ የኖሩ ሰው ስለሆኑ መልሱ በቂ ሆነላቸው። ጋሽ ሽብሩ ጥላሸት በነካው እጃቸው መረቁ፣ አሜን አልን፣ እማዬ እልል አለች፣ ሌንሳ ከጓዳ ወጥታ ጉልበት ሳመች። አባዬ በማግስቱ ማለዳ አሮጌውን አገዳ ነቅሎ አዲስ ዘራ።

አሁን ታኅሣሥ ነው። በቆሎው ጉልበቴ ጋ ደርሷል፤ እዚያው ላይ ቆሟል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ቅጠሉን ዳር ዳሩን እያቃጠለው ነው። አባዬ ገበሬ ነበር። በመስከረም መጨረሻ የተዘራ በቆሎ በዚህ ዳገት ብርድ ለጥር እንደማይደርስ ያውቃል። ሽማግሌውን ቃል ሲያስገባም ያውቅ ነበር።

ሌንሳም ደርሳበታለች። ማን እንደነገራት አላውቅም፤ እማዬ «እኔ አይደለሁም» ያለችው ሳልጠይቃት ነው። አባዬ ጠዋት ጠዋት በቆሎውን ያጠጣል፣ ወፍ የምትጠጣውን ያህል። ሌንሳ ከሥራ ስትመለስ ባልዲ ሙሉ ትጨምርበታለች። አመሻሽ ላይ ከፋርማሲው ባመጣችው ላስቲክ አንድ በአንድ ታለብሰዋለች። አባዬ ማለዳ ተነስቶ «አየር ይፈልጋል» እያለ ይገፍፈዋል። ጋሽ ሽብሩ በየእሑዱ መጥተው በአክብሮት ያዩትና «እየመጣ ነው» ይላሉ። አባትና ልጅ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ትናንት ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀመረ። ሌንሳ ተረኛ ስለነበረች አመሻሽ ላይ አልመጣችም። ላስቲኩን ማን ያልብሰው ብዬ በመስኮት ስመለከት፣ አባዬ ጋቢውን ደርቦ በቆሎው መካከል ጎንበስ ብሏል። እያንዳንዱን አገዳ ቀና እያደረገ፣ ላስቲኩን ከላይ እያጠለቀ፣ ሥሩን በአፈር ይደፍናል። ከሌንሳ ይልቅ አጥብቆ ነው የሚያለብሰው።

ቀና ሲል አየኝ።

«ምን ታያለህ?» አለኝ። «ና ድንጋይ አቀብለኝ፤ ነፋሱ ይገልጠዋል።»